በአውሮፕላን የሚመጣው ልጅ

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። እናት ከሶፋው ጥግ ተቀምጠው ግራ ክንዳቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል፣ ደማቸው ወጥቶ ታጥቦ የሚመለሰው በዚያ ክንድ በኩል ነው፤ ያበጠው ደም ሥር ለእንግዳ እንዲታይ አይወዱም። ስኳሩ አብሯቸው አርጅቷል፤ ግፊቱም እንዲሁ። የኩላሊቱ ነገር የመጣው ኋላ ነው። ቡናውን የምትቀዳው ልጃቸው ናት፤ እንግዳዋ የእህታቸው ልጅ፣ ነርስ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር፤ አይቆጡኝም?» አለች ነርሷ ሲኒዋን አስቀምጣ።

«ምን ያስቆጣኛል ልጄ፣ ጠይቂኝ።»

«እንደው አያድርገውና አንድ ቀን መናገር ቢያቅትዎት፣ ሐኪሞቹ ማንን ይጠይቁ?»

ጀበናዋን የያዘችው ልጅ ቀና አለች። «ኧረ ባክሽ! በሰንበት ምን የሚሉት ሟርት ነው?»

እናትየው ግን አልከፋቸውም። «ተያት አንቺ። ስንት ጊዜ ሳሰላስለው የከረምኩትን ነው የጠየቀችኝ። እዚያ እጥበቱ ቤት አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ፈረንጅ ነበረች፤ ከረሜላ ታቀብለኝ ነበር። ጠፋችብኝ። ብጠይቅ አልፋለች አሉኝ። የእኔም ተራ ይመጣል። ግን ለማን ልንገር? ገና አፌን ስከፍት እናንተ ትደነግጣላችሁ።»

አንባቢ እንዲያውቀው ያህል፣ በዚህ ጽሑፍ የሚመጡት ቤተሰቦች ከብዙ ቤቶች የተውጣጡ ናቸው፤ ስም የሌላቸውም ለዚህ ነው። ሕጎቹ፣ ጥናቶቹና ቁጥሮቹ ግን እንዳሉ የቀረቡ ናቸው።

ስለዚህ ጉዳይ ዝም የሚሉት ብዙውን ጊዜ አረጋውያኑ አይደሉም። እነሱ ለነፍሳቸው የንስሐ አባት ይዘዋል። ለቀብራቸው እድር ሲከፍሉ ኖረዋል። ቤትና ቦታ ያላቸው ኑዛዜያቸውን አስበውበታል። የሚገነዙበትን ነጭ ጨርቅ ከሻንጣ ሥር አጥፈው ያስቀመጡ እናቶችም አሉ። ለሞትና ከሞት በኋላ ላለው ነገር እንደኛ የተሰናዳ ሕዝብ ማግኘት ይከብዳል። ያልተሰናዳነው ከሞት በፊት ላለው ጊዜ ነው፦ ለአምቡላንሱ፣ ለጽኑ ሕሙማን ክፍሉ፣ ለመተንፈሻ ማሽኑ፣ «ምን እናድርግ?» ብሎ ለሚጠይቀው ሐኪም።

ይህ ጊዜ አያቶቻችንን ብዙም አያሳስባቸውም ነበር። የታመመ ሰው ወይ ይድናል ወይ ያልፋል፤ በመካከል የሚወሰን ብዙ ነገር አልነበረም። ዛሬ ስኳር፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊት ሥራ ማቆም፣ የሳንባ ሕመም፣ የመርሳት በሽታ ሰውን ለዓመታት ይዘው ይቆያሉ። በየጥቂት ወሩ አንድ ከባድ ቀን ይመጣል፤ ሆስፒታል ይገባል፤ ይወጣል፤ ሲወጣ ግን እንደገባው ሆኖ አይወጣም። ከእነዚህ ቀኖች በአንዱ ውሳኔ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀው ሰው ደግሞ በዚያች ሰዓት መልስ መስጠት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኗቸው ከሞቱ ሰዎች 42.5 በመቶዎቹ በመጨረሻ ጊዜያቸው የሕክምና ውሳኔ ያስፈልጋቸው እንደነበር አገኘ። ከእነዚያ ውስጥ 70.3 በመቶ የሚሆኑት በወቅቱ ራሳቸው መወሰን የሚችሉበት አቅም አልነበራቸውም።

ታዲያ ማን ይወስናል?

አሜሪካኖች ይህን ጥያቄ በሕግ የመለሱት ከከባድ ሐዘን በኋላ ነው። ናንሲ ክሩዛን የ25 ዓመት ወጣት ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1983 ሚዙሪ ውስጥ በመኪና አደጋ ራሷን ሳተች፤ ዳግም አልነቃችም። ሆዷ ውስጥ በገባ ቱቦ እየተመገበች ዓመታት አለፉ። ወላጆቿ «ልጃችን እንዲህ መኖር አትፈልግም ነበር፤ ቱቦው ይውጣላት» ብለው ጠየቁ። ግዛቲቱ «እሷ እንዲህ ማለቷን በምን እናውቃለን?» አለች። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሰኔ 1990 በ5 ለ4 ድምፅ ተወሰነ፤ ፍርዱ የሰውን ሕክምና ያለመቀበል መብት መሠረት አድርጎ ተነሣ፣ ነገር ግን ግዛት የሰውየውን ፍላጎት የሚያሳይ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ መጠየቅ ትችላለች አለ። ናንሲ ወረቀት አልተወችም። በኋላ ግን ጓደኞቿ የነገረቻቸውን ነገር መሰከሩ፤ ቱቦው ወጣ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በ33 ዓመቷ አረፈች። አንዲት ወጣት በጨዋታ መሐል ለጓደኞቿ ያወራችው ወሬ ነበር የጎደለው ማስረጃ።

በዚያው ዓመት ኮንግረስ አዲስ ሕግ አወጣ፤ ከታኅሣሥ 1991 ጀምሮ ከመንግሥት የጤና መድኖች ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ፣ የሚተኛን አዋቂ ታካሚ የቅድሚያ የሕክምና መመሪያ (መናገር ሲያቅት ማን እንደሚወስንና ምን እንደሚፈለግ የሚገልጽ ጽሑፍ) አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ግዴታው ሆነ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆስፒታል ሲገቡ ከሚፈርሙት የወረቀት ክምር መሐል ያቺ ጥያቄ አለች። ብዙዎቹ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ወይም ልጃቸው ታደርግላቸዋለች።

ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ አስቸጋሪ አይደለም። አዋቂ የሆነ ሰው መናገር ሲያቅተው የሚናገርለትን ወኪል በጽሑፍ መሰየም ይችላል። ጠበቃ አያስፈልግም፤ የውልና ማስረጃ ማኅተም የለበትም፤ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ወኪል የሆነው ሰው ራሱ ምስክር አይሆንም፤ ከሁለቱ ምስክሮች ቢያንስ አንዱ ደግሞ ከታካሚው ሞት እያወቀ የገንዘብ ጥቅም የማያገኝ ሰው መሆን አለበት። ዋሽንግተን ዲሲና ቨርጂኒያም ሁለት ምስክር ይላሉ፤ ዝርዝራቸው ግን ስለሚለያይ የየግዛቱን ቅጽ ማንበብ ነው።

ወኪል ያልሰየመ ሰውስ? የሜሪላንድ ሕግ ወረፋ አውጥቷል። ፍርድ ቤት የሾመው ሞግዚት ካለ እሱ፣ ቀጥሎ የትዳር ጓደኛ፣ ቀጥሎ አዋቂ ልጆች፣ ከዚያ ወላጅ፣ ከዚያ ወንድምና እህት፣ በመጨረሻ የቅርብ ዘመድ ወይም ወዳጅ። የእኛ ሰው ጣጣ ያለው «አዋቂ ልጆች» ከምትለዋ ላይ ነው። ባላቸው የሞተባቸው፣ አምስት ልጆች ያሏቸው እናት፣ አምስት እኩል ድምፅ ያላቸው ወሳኞች አሏቸው። የበኩር ልጅ ከታናሿ አይበልጥም። አብራቸው የምትኖረው፣ መድኃኒታቸውን የምትቆጥረው፣ ሌሊት የምትነሣላቸው፣ ለሦስት ዓመት በስልክ ብቻ ካናገራቸው ወንድሟ አትቀድምም። ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ሆስፒታሉ የታካሚ እንክብካቤ አማካሪ ኮሚቴ ይሄዳል። የቤታችን ገመና እንግዳ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል ማለት ነው።

ሐኪሞች ለዚህ ዓይነቱ ጠብ ስም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ «የካሊፎርኒያዋ ልጅ» ብሎ ሰየመው። ታማሚው ለዓመታት ሲዳከም ቆይቷል፤ አጠገቡ ያሉት ሕመሙን ከሱ ጋር ኖረውታል፤ ከሐኪሞቹ ጋርም ተግባብተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ከሩቅ አንዲት ልጅ ትመጣለች፤ ባየችው ትደነግጣለች፤ «ለምን ይህ አልተደረገም? ለምን ያ አልተደረገም?» እያለች ሁሉንም እንደ አዲስ ታስጀምራለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ይህችው ልጅ «የኒው ዮርኳ» ትባላለች ይላሉ።

ይህች ልጅ ክፉ አይደለችም። የምትጮኸው ጸጸቷ ነው። አባቷ ቀስ በቀስ ሲያንስ ስላላየችው፣ ዛሬ በአንድ ጊዜ የፈረሰ መሰላት። የመጨረሻውን ማሽን ካስገጠመች ያልነበረችባቸው ዓመታት የሚካሱ ይመስላታል። ይህን ስጽፍ የብዙዎቻችሁ ፊት ይታየኛል፤ ምክንያቱም የእኛ ሕዝብ ግማሹ የካሊፎርኒያዋ ልጅ ሆኗል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንሂድ። አንድ የግል ሆስፒታል፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ። አባት የልብ ድካም አለባቸው፤ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው ሲገቡ፤ አሁን ኩላሊታቸውም እምቢ ብሏል። ሐኪሙ ወጥቶ፣ መተንፈሻ ማሽን ውስጥ ካስገባናቸው መልሰን ለማውጣት እንደምንቸገር ልነግራችሁ እፈልጋለሁ ይላል። ታናሽ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። በስልኩ ውስጥ ታላቅ ወንድም አለ፤ ሲያትል ሌሊት ነው።

«ዶክተር፣ ገንዘብ አያሳስብህ። የሚያስፈልገው ሁሉ ይደረግ። ዛሬ እልካለሁ። እኔ እስክደርስ አባባን አቆዩልኝ።»

ታናሹ ዝም አለ። አባቱ ባለፈው ዓመት ጎረቤታቸውን ጠይቀው ሲመለሱ ያሉትን ያስታውሳል፦ «እንደዚያ ሰውዬ በአፌ ቱቦ ከታችሁ እንዳታስቀምጡኝ። በቃህ ሲለኝ ቤቴ ልሁን።» ይህን ለሐኪሙ መንገር ይችል ነበር። ግን እሱ ማን ነው? ሥራ የለውም፤ የሚኖረው በአባቱ ቤት ነው፤ የሆስፒታሉን መያዣ የከፈለው ወንድሙ ነው። ነገ ደግሞ «ገንዘብ እያለ አባቴን ገደልከው» የሚለው ቃል ከቤተሰቡ አይወጣም። ስለዚህ የሚያውቀው ዝም አለ፤ የማያውቀው ወሰነ። አባት ቱቦው ገባላቸው።

ወኪል ሳይሰየም ሲቀር ወኪሉ ገንዘብ ላኪው ይሆናል። በአገር ቤትና በውጭ በተከፋፈለ ቤተሰብ ውስጥ ይህ የተጻፈ ያህል ጽኑ ሕግ ነው፤ እኔ ደግሞ መጥፎ ሕግ ነው እላለሁ። የላኪውን ልጅ ውለታ ማንም አይክድም። ነገር ግን የአባትን መድኃኒት መግዛት የአባትን ልብ ማወቅ ማለት አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንደ ሜሪላንድ ያለ ቅጽ በሆስፒታሎቻችን አልተለመደም። መብቱ ግን አለ፣ ያውም ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ የሕክምና ወይም የቀዶ ሕክምና ምርመራና ሕክምናን እምቢ ሊል እንደሚችል ይናገራል። እምቢ ለማለት ግን ምን እንደቀረበለት ማወቅ ይኖርበታል። እኛ ደግሞ ለታማሚ በሽታውን አንናገርም። ልጆች ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይጠብቁና «ለእሳቸው እንዳትነግራቸው» ይሉታል። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በብልሃት የሚነገርበት አገር ልጆች ነን፤ ክፉ ወሬ ሰውን ይጥላል ብለን እናምናለን። ልማዱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ሰውየው ሰውነቱ የሚነግረውን ያውቃል፤ እኛ ስንዋሸው እሱም ለእኛ ብሎ ይዋሸናል።

የሐኪም ቤቱን አስተርጓሚ ልጅ ደግሞ እዩ። ቨርጂኒያ፣ አንድ የልብ ሐኪም ቢሮ ውስጥ ነን። ሐኪሟ ረጋ ብላ ትናገራለች፤ ልብዎ በጣም ደክሟል፣ ከአንድ ዓመት በኋላ እዚህ ባንገናኝ አይገርመኝም፣ ስለዚህ ዛሬ ስለሚፈልጉት ነገር እንድናወራ እወዳለሁ አለች። ልጅ ወደ አባቱ ዞረ።

«አባዬ፣ ልብህ ትንሽ ደከም ብሏል፤ መድኃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ ነው የምትለው።»

አባት ሐኪሟን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። «ይቺን ለማለት ነው ይህን ሁሉ ያወራችው?»

በአሜሪካ ሕግ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ዲሲም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ እንግሊዝኛ የማይችለውን ሰው በቋንቋው እንዲያገለግሉ የሚያዝ የራሷ ሕግ አላት፤ አማርኛም በስፋት ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። በስልክም ቢሆን አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጅ ከጎን ይቀመጥ፤ የአባቱን እጅ ይያዝ፤ ትርጉሙን ግን ለሌላ ሰው ይተው። እንዲህ ያለውን ቃል በአባቱ ጆሮ ውስጥ እንዲያስገባ ማንም ልጅ ሊጠየቅ አይገባም።

ከሚተረጎሙት ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የሚያምታታው ልብን መልሶ ማስነሳት ነው። «ልባቸው ቢቆም እንሞክር?» ሲባል «ምን ጥያቄ አለው?» የማይል ልጅ የለም። ፊልም ያሳየን ሲነቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሦስት ተወዳጅ ተከታታይ ፕሮግራሞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ልባቸው ከቆመ ገጸ ባሕርያት 75 በመቶዎቹ ለጊዜው እንደዳኑ ቆጠረ። በእውነተኛው ዓለም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሰፊ የሜዲኬር መረጃ ጥናት እንዳሳየው፣ ሆስፒታል ውስጥ ልባቸው ቆሞ ከተሞከረላቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች በሕይወት ከሆስፒታል የወጡት 18 በመቶ ግድም ናቸው። የደረት ጫናው በደንብ ከተሠራ ብዙ ጊዜ የጎድን አጥንት ይሰብራል። የስኳር፣ የኩላሊትና የልብ ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ዕድሉ ይበልጥ ይጠባል።

ይህን የምለው ማንንም «አትሞክሩ» ለማለት አይደለም። 18 በመቶ ለአንዱ ትልቅ ተስፋ ነው፤ የልጅ ልጁን ሠርግ የሚጠብቅ ሰው ሊሞክር ይችላል፤ መብቱ ነው። እውነቱን ሰምቶ የመረጠ ሰው የትኛውንም ቢመርጥ ልክ ነው። በተጨማሪም «ልቤ ከቆመ ተዉኝ» ያለ ሰው ሕክምና ይከለከላል ማለት አይደለም፤ ኩላሊቱ ይታጠብለታል፣ ኢንፌክሽኑ ይታከምለታል፣ ሕመሙ ይታገስለታል። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለው ምርጫ ሞልስት በሚባለው የሐኪም ትእዛዝ ቅጽ ላይ ይጻፋል፤ እሱን የሚፈርመው ሐኪሙ ወይም የሚያክመው ባለሙያ ነው፤ አምቡላንስ የሚታዘዘውም በሱ ነው። ወኪል የሚሰየምበት ሌላ ወረቀት ነው፤ ሁለቱ ይምታታሉ።

መካከለኛ መንገድም አለ፤ ብዙ ቤተሰብ አልተነገረውም። ለተወሰነ ጊዜ መሞከር ይባላል። «ማሽኑ ውስጥ ለአንድ ሳምንት እንያቸው፤ ከተሻላቸው እንቀጥል፤ ካልተሻላቸው እናውጣ» ብሎ ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መስማማት ነው። የኩላሊት እጥበትም በዚህ መንገድ ሊጀመር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እጥበት የጀመሩ 3,702 የአረጋውያን መጦሪያ ነዋሪዎችን ተከታትሎ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 58 በመቶዎቹ እንደሞቱ፣ እንደ ድሮው መንቀሳቀስና ራሳቸውን መርዳት የቻሉት 13 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አገኘ። እነዚህ ከመጀመሪያውም በጣም የደከሙ ሰዎች ነበሩ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ለሚመለሱት እናት ቁጥሩ አይሠራም። እጥበትን ማቆም እንደሚቻልም ግን ማንም በግልጽ ያልነገራቸው እናቶች አሉ።

አሁን ወደ ሃይማኖቱ፤ ሁልጊዜ ሲነሣ የምሰማው ክርክር እዚህ ነው። «ቀኑን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው፤ እኛ ምን እንወስናለን?» ይላሉ። ይህን አክብሬ አንድ ነገር ልጠይቅ። መተንፈሻ ቱቦ የገባለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በማደንዘዣ ይተኛል። አይናገርም፤ ስለዚህ ንስሐ አይገባም። አይውጥም፤ ስለዚህ አይቆርብም። ሙስሊሙም ሸሃዳውን በአንደበቱ አይልም። ለአንድ ምእመን ከዚህ የሚበልጥ ምን ውሳኔ አለ? ልጆች «ሁሉም ነገር ይደረግ» ሲሉ፣ አባት በዕድሜያቸው ሁሉ የተዘጋጁላትን ሰዓት ሳያውቁ ሊወስዱባቸው ይችላሉ። ቢያንስ «ቱቦው ከመግባቱ በፊት የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ» የምትል አንዲት መስመር ብትጻፍ ትልቅ ነገር ናት። ካህናትና ሼኾች ይህን ከመድረክ ቢናገሩት ከማንኛውም ሐኪም ይልቅ ይሰማሉ።

«አገሬ ልግባ» የሚለው ደግሞ ሌላው ምኞት ነው። ሊሆን ይችላል፤ ግን ገና አቅም ሳለ የሚታቀድ ነው። ሜዲኬር በአጠቃላይ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። እጥበት ላይ ያለ ሰው ከመሣፈሩ በፊት አዲስ አበባ የሚታጠብበት ቦታ መያዝ አለበት። ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው አየር መንገዱን አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። ሕመም የሚያስታግስ ክትትልም ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሲረዳ ቆይቷል፤ ከአገሩ ፍላጎት ጋር ሲተያይ ግን እንዲህ ያለው አገልግሎት በጣም ጥቂት ነው።

ወረቀቱ ብቻውን ምን ይሠራል? ይህን የሚጠይቁት ተራ ሰዎች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሾን ሞሪሰን፣ ዳያን ማየርና ሮበርት አርኖልድ የተባሉ፣ በማስታገሻ ሕክምና ስመ ጥር የሆኑ ሦስት አሜሪካውያን ሐኪሞች ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የቅድሚያ መመሪያን ለማስፋፋት የተደረገውን የዓመታት ልፋት ተቹ፤ ሰው ከዓመታት በፊት በጤናው የሞላው ቅጽ በጭንቁ ሰዓት ለሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ አይሆንም አሉ። እውነት አላቸው። «ማሽን አልፈልግም» ብሎ የፈረመ ሰው ለሁለት ቀን ብቻ ማሽን አስፈልጎት ሊድን ይችላል። ርቤካ ሱዶርና ቴሪ ፍሪድ የተባሉ ሌሎች ሁለት ሐኪሞች ይህን በ2010 አስቀድመው አይተውት ነበር፤ ሕክምናን አንድ በአንድ አስቀድሞ ከመምረጥ ይልቅ፣ ታካሚውንና ወኪሉን ለዚያች ሰዓት ውሳኔ ማዘጋጀት ይሻላል ብለው ጻፉ።

እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። ወኪል እንኳ ቢሆን ገምቶ ብቻ አይዘልቅም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ የቅርብ ቤተሰብ የታማሚውን ምርጫ በትክክል የገመተው በ68 በመቶው ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። በሌላ በኩል ንግግሩ በደንብ ሲደረግ ውጤት አለው። ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ውስጥ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ 309 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል፤ በሠለጠነ ሰው እየተመሩ ከቤተሰባቸው ጋር ከተነጋገሩት ውስጥ፣ በክትትሉ ጊዜ ከሞቱት የ86 በመቶዎቹ ፍላጎት ታውቆ ተከብሯል፤ ካልተነጋገሩት የ30 በመቶዎቹ ብቻ። ንግግሩን ያደረጉ ቤተሰቦች ከሐዘኑ በኋላ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸውም ያነሰ ነበር። ዊስኮንሲን ውስጥ ያለችው የላ ክሮስ ከተማ ደግሞ ነገሩን የመንደር ወግ አድርጋዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 እዚያ ከሞቱና ከተጠኑ 540 አዋቂዎች 85 በመቶው በጽሑፍ የተቀመጠ መመሪያ ነበራቸው። እንቅስቃሴውን የመራው የሥነ ምግባር ባለሙያ በርናርድ ሃምስ የተነሣውም፣ እጥበት ላይ ያሉ ታማሚዎች ራሳቸውን ሲስቱ ቤተሰባቸው ምን እንደሚፈልጉ ሳያውቅ ሲጨነቅ አይቶ ነው።

ንግግሩ በማሽን ስም አይጀመርም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ነርስ «ልብዎ ቢቆም ምን ይደረግ?» አላለችም። ማን ይጠየቅ ብላ ጀመረች፤ ቀጠለችና «ለእርስዎ ደስ የሚል ቀን ምን ዓይነት ነው?» አለች።

«ቡና ሲፈላ፣ ልጆቹ ሲጫወቱ፣ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ስገባ።»

«ቤተ ክርስቲያን መሄድ ባይችሉስ?»

«በቴሌቪዥን አያለሁ።»

«ልጆቹን ማወቅ ባይችሉስ?»

ትንሽ ቆዩ። «እሱን እንጃ። ልጆቼን ሳላውቅ፣ አልጋ ላይ ሌላ ሰው እያገላበጠኝ፣ በቱቦ እየተመገብኩ... ያኔ ሥቃዬን ያስታግሱልኝ እንጂ አያራዝሙብኝ።»

ልጃቸው ጀበናውን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። እናት ቀጠሉ፤ «አንቺ ትናገሪልኝ። አንቺ ታውቂኛለሽ። ወንድምሽ ይወደኛል፣ ግን ችኩል ነው።» ነርሷ አንድ ጥያቄ ጨመረች፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ «ያኔ ሐኪሞቹ ሌላ ቢመክሯትና እርስዎ ካሉት ትንሽ ብትለውጥ ይፈቅዱላታል?» እናት «ያየችውን ታድርግ፤ እኔ አልቀየማትም» አሉ። ይህች የመጨረሻ ቃል ከቅጹ ሁሉ ትከብዳለች። ልጅቱን ከዕድሜ ልክ ጸጸት ታድናታለች፤ ወንድሟም ሲመጣ የምታሳየው ነገር አላት።

ሜዲኬር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሐኪም ከታካሚው ጋር ለዚህ ንግግር ለሚያጠፋው ጊዜ ይከፍላል፤ በዓመታዊው የጤና ቀጠሮ ላይ ከተደረገ ታካሚው ምንም አያወጣም። ቅጹም በነጻ ነው፤ የሜሪላንዱ ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ድረ ገጽ ይወርዳል። ከተፈረመ በኋላ አንዱ ቅጂ ለወኪሉ፣ አንዱ ለሐኪሙ ይሰጥ፤ በካዝና የተቆለፈ ወረቀት በሌሊት አምቡላንስ ሲመጣ አይገኝም። አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብም ቅጽ አያስፈልገውም፤ አባት ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ ሩቅ ያለውንም በስልክ አስገብተው፣ «እንዲህ ብሆን እገሌን ጠይቁ» ቢሉና አንድ ሰው ቢጽፈው፣ ኮሪደር ላይ የሚደረገው ጠብ ግማሹ ይቀራል።

ይህን የምታነቡ፣ ርቃችሁ የምትኖሩ ልጆች፣ ለእናንተ ነው የጻፍኩት። በዚህ ሳምንት ደውሉ። ከእናት ከአባታችሁ ጋር ከማውራታችሁ በፊት ግን አጠገባቸው ላለው ወንድም ወይም እህት ደውሉና ይህን በሉ፦ «እኔ እልካለሁ፤ አንተ ታውቃለህ። እነሱ ያሉህን ተናገር። የወሰንከውን በማንም ፊት አልነቅፍም።» ከዚያ ለሐኪሙ የምትጽፉት መልእክት ውስጥ የእሱን ስም ጻፉ።